የባለ ምላጩ እንቅልፍ

ጥቅምት 8

ለአለቃዬ፣

ጥያቄዎችሽን በጻፍሽበት ተራ ልመልስ። አዎ፣ እበላለሁ። አዎ፣ ስወጣ መስኮቱን እዘጋለሁ። አዎ፣ የስፌት መኪናሽን በአንሶላ ሸፍኜዋለሁ፤ አቧራ ከነካው እኔን ጠይቂኝ። አይ፣ እሁድ በስልክ ያንኮራፋሁብሽ ንቄሽ አይደለም። አንቺን ንቄ የት ልገባ?

የመንታዎቹን ክብደት እየነገርሽኝ እንደነበር ትዝ ይለኛል። የሴቷን ሰምቻለሁ፣ ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ። ወንዱ ላይ ስትደርሺ ነው መሰለኝ ጭልጥ ያልኩት። ያለፈው እሁድም እንደዚሁ ስለነበር "ከእንግዲህ ስልክ ብሎ ነገር የለም፤ ባሌ ሲያንኮራፋ ለመስማትማ ሠላሳ አንድ ዓመት አልበቃኝም ወይ? ጻፍ!" ብለሽ የፈረድሽብኝን ያለ ይግባኝ ተቀብያለሁ። ይኸው ጻፍኩ። የልጁን ክብደት በወረቀት ላኪልኝ፤ አያቱ ነኝ፣ መብቴ ነው። ልጃችን እስክትጠና ድረስም እዚያው ሁኚላት፣ ስለኔ አታስቢ።

ፀጉር ቤቱ ደህና ነው። ባለ ሁለተኛው ወንበር ባልደረባዬ፣ ያው ራዲዮ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ያወራል፤ ሰው ፀጉሩን አራግፎ የሰፈሩን ወሬ ተሸክሞ ይወጣል። ጡረተኛው ዳኛም እንደ ልማዳቸው ሐሙስ ሐሙስ ሊላጩ ይመጣሉ። ሰላም ብለውሻል። ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው መሰለኝ በዚህ ሙቀት አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ሌላ ወሬ የለም።

እኔም ደከም ይለኛል እንጂ ደህና ነኝ። ያው ዕድሜ ነው፤ ሃምሳ ስድስት ዓመት ቀልድ አይደለም። 

ልጃችንን ሳሚልኝ። መንታዎቹንም፣ ግን ቀስ ብለሽ። እዚህ መስመሩ የተንሸራተተው ጠረጴዛው ዘንበል ስላለ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳታስቢ።

ያንቺው


ጥቅምት 14

ለባለ ምላጩ፣

ጠረጴዛው አላዘነበለም። ሃያ ዓመት ጨርቅ የቆረጥኩበት ጠረጴዛ ነው፤ ቢያዘነብል ኖሮ የሰው ሁሉ ሱሪ አንድ እግሩ አጥሮ ይወጣ ነበር። ብዕርህ ከመስመሩ ወርዶ እስከ ወረቀቱ ጠርዝ ሄዷል፣ ከዚያ "ሳሚልኝ" ብሎ እንደገና ይጀምራል። ተኝተህ ነበር። ለሚስትህ ደብዳቤ እየጻፍክ!

ዳኛውንም ጉሮሯቸውን አላመማቸውም። ፀጉር ቤት ደወልኩ፤ ራዲዮ አነሳ፤ አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ሃያ ደቂቃ አሰራጨ። ምላጭ ይዘህ እንደቆምክ ዓይንህ መከደኑን፣ እጅህ መውረዱን፣ ቁስሉ የአውራ ጣት ጥፍር እንደሚያህል፣ ሁሉንም ነገረኝ። "ትንሽ ወደ ጎን ሄዶ ቢሆን ኖሮ..." ሲል ስልኩን ዘጋሁበት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ተናደድኩ፣ አሁንም አልበረደልኝም። የተናደድኩት ስለቆረጥካቸው አይደለም፣ ስለደበቅከኝ ነው። ከኔ መደበቅ የጀመርከው ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አንተ?

አሁን ስማኝ። እዚህ መንታዎቹን ልትመዝን የምትመጣ ነርስ አለች። በቀደም ልጃችን አጠገቤ ተኝታ አድራ ጠዋት ጎኗን ይዛ ተነሳች። "እማዬ፣ ሌሊቱን ሙሉ በክርንሽ ስትጎሽሚኝ አደርሽ፤ ማንን ነው የምትቀሰቅሺው?" አለችኝ። ነርሷ ሰምታ ሳቀች። እኔም እየሳቅኩ "አባቷን ነዋ! ሲያንኮራፋ ቆይቶ ድንገት ጸጥ ይላል፤ ስጎሽመው እንደገና ይጀምራል" አልኳት። መሳቋን ተወችው። ጸጥ ሲል ምን ያህል ይቆያል? እንደታነቀ ሰው ተንፈራግጦ ይነሳል? ጠዋት ራሱን ያመዋል? አፉ ደርቆ ያድራል? ሌሊት ለሽንት ስንቴ ይነሳል? ቀን ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይወስደዋል? ለሁሉም አዎ አዎ ስላት ሚዛኗን መሬት አስቀምጣ አጠገቤ ተቀመጠች።

ስንተኛ የጉሮሮ ሥጋ ይላላል አለችኝ። አንዳንዱ ሰው ላይ እስከ ጭራሹ ይገጥምና አየር መግቢያ ያጣል። ትንፋሽ ይቆማል። አንጎል ይደነግጥና ይቀሰቅሰዋል፣ ሰውዬው ግን መንቃቱንም አያስታውስ። ሌሊቱን ሙሉ ሲነቃ አድሮ ቀን ቆሞ ይተኛል። እንዲህ ሲቆይ ደግሞ ደም ግፊት ይጨምራል፣ ልብንም ይጎዳል። ለካ እኔ ተኝቼ ክርኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሥራ ላይ ነበር! አሁን እኔ እዚህ ነኝ፣ አንተን የሚጎሽም ሰው የለም። ይሄን ሳስብ እንቅልፌ ጠፋ።

ሁለት ነገር አዝሃለሁ። አንደኛ፣ ምላጩን አስቀምጥ፤ ሐኪም ይቻላል እስኪልህ ድረስ የሰው ጉሮሮ አትንካ። ሁለተኛ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። የምቆጣህ ስለምወድህ ነው፤ ይሄም እንዳይጠፋህ።

ወንዱ ሁለት ኪሎ ከስድስት መቶ ነው።


ጥቅምት 20

አለቃዬ፣

ይቅርታ። ይሄን ደብዳቤ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ቀድጄዋለሁ፤ ሦስቱም ላይ ሰበብ ነበረበት። አሁን ሰበቡን ትቼ ይቅርታውን ብቻ ልኬልሻለሁ።

ምላጩ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ራዲዮ ኪስ ነው። እኔ በመቀስና በማሽን ብቻ እሠራለሁ። ለደንበኛው እጄን ወለም አለኝ ብያለሁ። ራዲዮ ግን ወለምታው ከየት እንደመጣ የሚያወራው ታሪክ በየቀኑ ይለወጣል፤ ትናንት ከፈረስ ላይ ወድቄ ነበር።

ዳኛው በዕለቱ አንገታቸውን በፎጣ ይዘው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "እኔ በዳኝነት ዘመኔ ሰው ሳልሰማ ፈርጄ አላውቅም። አንተ ግን ቃሌን እንኳ ሳትቀበል ልታሰናብተኝ ነበር።" ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ። ሲወጡ ግን በሩን በሦስተኛው ሙከራ ነው የከፈቱት፤ እንዳላይ ፊታቸውን አዙረው። በማግስቱ ጓደኛ ሆነው ሻይ ሊጠጡ መጡ፣ ሻርፑን ጠምጥመው። የሻርፑን ነገር ለማንም አላወሩም። እኔ ነኝ እንግዲህ ለሚስቴ ጉሮሯቸውን አሟቸው ነው ብዬ የጻፍኩት። አፈርኩ።

ከደብዳቤሽ ኋላ በደረሰኝ ፖስት ካርድ ለጠየቅሽኝ፦ መጠጥ ድሮም አልወድም፣ ታውቂያለሽ። የእንቅልፍ ክኒኑን ከፋርማሲ የገዛሁት እውነት ነው፣ ሁለት ቀን ብቻ ዋጥኩት። ራሴን ጠዋት ጠዋት ያመኛል፣ ይሄም እውነት ነው። ባለፈው አንዱን ደንበኛ ጭንቅላትህን አታንቀሳቅስ ብዬ ጮህኩበት፤ ሰውዬው ንቅንቅ አላለም ነበር። እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበርኩም።

ግን እስቲ ፍረጂ፤ ማንኮራፋት በሽታ ነው ከተባለ የኔ ዘር በሙሉ ሐኪም ቤት ደጃፍ መሰለፉ ነው። አባቴ ሲያንኮራፋ ጎረቤት ዝናብ መጣ ብሎ ልብስ ያስገባ ነበር! እኛ ቤት የማያንኮራፋ ወንድ ነው "ምን ነካው?" የሚባለው። ቢሆንም ዳኛው ወደ ጠቆሙኝ ወደ አንዲት ሐኪም ሰኞ እሄዳለሁ። ያዘዝሽው አንቺ ነሽ፣ ከዚያ በላይ ምን ሐኪም አለ?


ጥቅምት 25

የኔ ሰው፣

ክኒኑን ዛሬውኑ ጣለው። ነርሷ ስነግራት ጭንቅላቷን ያዘች፤ እንደዚያ ያለው መድኃኒት ጉሮሮን ይባስ ያላላዋል፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሰውንም ነገር ያደነዝዛል አለች። ፋርማሲ ሄደህ "እንቅልፍ አጣሁ" አልካቸው አይደል? አንተ ያጣኸው ትንፋሽ ነው እንጂ እንቅልፍማ ቆመህም አግኝተኸዋል።

ሐኪሟ አንገትህን ልትለካ ትችላለች፤ የወፈረ አንገት ለዚህ ነገር አንድ ምልክት ነው። እኔ ቀድሜያታለሁ። የልኬት ደብተሬ ከኔ ጋር ነው። ስንጋባ ኮሌታህ ሠላሳ ስምንት ነበር። ልጃችን ስትወለድ አርባ። ፀጉር ቤቱን በከፈትክ ዓመት አርባ ሁለት። ባለፈው የሰፋሁልህ ሸሚዝ አርባ አምስት። ቁልፉን እያራቅኩ "ባሌ ተመችቶታል፣ የኔ እጅ ነው" እያልኩ ስኩራራ ነበር እኮ! ወይ እኔ።

ይሄን ወረቀት ይዘህ ግባ። ደግሞ እለምንሃለሁ፣ ሐኪሟን "ደህና ነኝ" እንዳትላት።


ኅዳር 2

አለቃዬ! አለፍኩ!

ቆይ፣ ከመጀመሪያው። ሐኪሟ የልጃችን እኩያ ናት። አፌን ከፍታ "አአአ" አስባለችኝ፣ ወደ ጉሮሮዬ በመብራት አየችና "ጠባብ ነው" አለች። ደም ግፊቴ ከፍ ብሏል። አንገቴን ልትለካ ሜትር ስታወጣ "አትድከሚ፣ አርባ አምስት ነው" አልኳት። ለካችው፤ አርባ አምስት። ማን ነገረህ ስትለኝ ደብዳቤሽን አሳየኋት፣ አንብባ ሳቀች፣ ከፋይሌ ጋር ላያይዘው ወይ ብላ ለመነችኝ። አልሰጠኋትም።

ከዚያ ቅጽ አስሞላችኝ። ስታነብ እንቅልፍ ይጥልሃል? ቴሌቪዥን ስታይ? መኪና ውስጥ? ከሰው ጋር ስታወራ? እያለ ይጠይቃል። ምላጭ ይዘህ ቆመህ የሚል ስለሌለው ከታች በእጄ ጨምሬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ መሳቋን አቁማ "ምላጩን አሁንም ትይዛለህ?" አለች። ሚስቴ ነጥቃኛለች ስላት "እግዜር ይስጣት" አለች።

አንድ ሌሊት ለብሼው የማድረው መሣሪያ ሰጠችኝ። ደረት ላይ ቀበቶ፣ አፍንጫ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ጣት ላይ የሚቆነጥጥ ነገር አለው። ትንፋሽ ስንቴ እንደሚቆም፣ ደም ውስጥ ያለው አየር ምን ያህል እንደሚወርድ ይቆጥራል። "እንደ ወትሮህ ተኛ፣ ምንም አትቀይር" አለችኝ። እኔም እንደ ወትሮዬ ተኛሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መስታወቱ ውስጥ ያየሁትን ሰውዬ ብታዪው! በቱቦና በገመድ ተተብትቦ አፉን ከፍቶ ያፈጥብኛል። "ማነህ?" ብዬ ጮህኩበት።

ውጤቱ መጣ። በሰዓት ስድስት ጊዜ ብቻ። ቀላል ነው፤ ክብደት ቀንስ፣ በጀርባህ አትተኛ አለችኝ። ቅጹንና ውጤቱን ደጋግማ እያየች ግራ የገባት ትመስላለች፣ ግን ወረቀት ወረቀት ነው። ሐሙስ ምላጩን አወጣለሁ፤ ለዳኛው ነግሬያቸዋለሁ፣ ደስ ብሏቸው እመጣለሁ ብለዋል።

ለነርሷ ንገሪያት። እንዳትናደድብኝ ብቻ።


ኅዳር 5

ከሐሙስ በፊት ይድረስህ ብዬ ለአውቶቡስ ሹፌሩ በእጁ ሰጥቼዋለሁ።

ምላጩን አታውጣ።

መኝታ ቤታችን መስታወት የለውም። መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ያለውም ከአልጋ አይታይም። ጠዋት ዓይንህን ስትገልጥ ራስህን የምታይበት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፤ ፀጉር ቤት፣ ወንበርህ ላይ፣ ቀጥ ብለህ ተቀምጠህ። እዚያ ነው ያደርከው። "እንደ ወትሮህ" ስትልህም እዚያ ከተኛህ ወትሮህ እዚያ ሆኗል ማለት ነው።

ነርሷን ጠየቅኳት። ሰው ቁጭ ብሎ ሲተኛ ጉሮሮው በጀርባው እንደተጋደመው ላይዘጋበት ይችላል አለች። "እንግዲያው የተመረመረው ወንበሩ ነው እንጂ ባልሽ አይደለም" አለችኝ። ወንበሩ ጤነኛ ነው፣ እንኳን ደስ ያለህ።

ሐኪሟ ዘንድ ተመለስና ይሄን ንገራት። ለኔ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ መልስልኝ፣ ሳትቀልድ። የራስህን አልጋ ትተህ ምን አስወጣህ?


ኅዳር 13

የልጄ እናት፣

ደብዳቤሽ ረቡዕ ከሰዓት ደረሰኝ። ምላጩ አልወጣም። ዳኛው መጥተው ነገሩን ሳስረዳቸው "ይግባኙ ተቀባይነት አግኝቷል" ብለው ፀጉራቸውን ብቻ ተቆርጠው ሄዱ።

ሳትቀልድ ብለሻል። እሞክራለሁ።

ከሄድሽ በሦስተኛው ቀን አልጋ ላይ ታንቄ ነቃሁ። አየር ስስብ አይገባም፣ ልቤ ደረቴን ይደልቃል። በማግስቱም እንዲሁ። በነጋታው ፀጉር ቤት አምሽቼ ወንበሩ ላይ አሸለበኝ፤ ሲነጋ አልታነቅኩም። ከዚያ በኋላ ቤት አልተኛሁም። ለራሴ "አልጋው ያለሷ ሰፍቶኝ ነው" አልኩት፤ ይሄም ውሸት አይደለም። በጣም ናፍቀሽኛል።

ግን ሌላም አለ። አባቴ በእንቅልፉ እንደሞተ ታውቂያለሽ። ሰው ሁሉ "ምንኛ የታደለ ነው፣ ሳይሰቃይ፣ በሰላም እንደተኛ" አለ፤ እኔም ስጠየቅ ይሄንኑ ስል ኖርኩ። ያልነገርኩሽ በዚያ ሰሞን እናቴ ቤት አለመኖሯን ነው። እህቴ ወልዳ ልታርሳት ሄዳ ነበር። በሄደች በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው ጎረቤት የጠራን። ሃምሳ ሰባት ዓመቱ ነበር። ምክንያቱን ያወቀ የለም፣ እኔም አላውቅም። ስለ ክርንሽ የጻፍሽውን ሳነብ ግን ወረቀቱን አስቀምጬ ደጅ ወጣሁ።

ፈራሁ። ብነግርሽ መንታዎቹን ጥለሽ ትመጪያለሽ፣ ልጃችን ደግሞ ባሏ መስክ ላይ እያለ አሁን ካንቺ ሌላ ማን አላት? ለዚህ ነው እንደ ሞኝ ቀን ቀን ስቀልድ ማታ ማታ ወንበር ላይ የተቀመጥኩት።

ሐኪሟ የወንበሩን ነገር ስነግራት ግንባሯን በእጇ መታች። "አልጋህ ላይ ማለት ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። መሣሪያውን እንደገና ሰጠችኝ። ራዲዮ ሶፋው ላይ ካላደርኩ ብሎ ግግም አለ፤ ብቻህን አትተኛም አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረም፣ በሕይወቱ የመጀመሪያው ይመስለኛል። ጠዋት ዓይኑ ቀልቶ አገኘሁት። "ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት" ብሎ ፊቱን ሊታጠብ ገባ።

በሰዓት አርባ ሰባት ጊዜ። ረጅሙ ሃምሳ ሁለት ሰከንድ። ከባድ የሚባለው ነው አለችኝ። መድኃኒቱ ግን አለ አለች፤ ክኒን አይደለም፣ መሣሪያ ነው። ሰኞ እወስደዋለሁ።

አሁን ምንም የደበቅኩሽ የለም።


ኅዳር 17

የኔ ጌታ፣

ሻንጣዬን አወጣሁ። አስገባሁ። እንደገና አወጣሁ። ልጃችን "እማዬ ሂጂ፣ እኔ እችላለሁ" ትላለች፤ ይሄን ስትል አንዱ ልጅ ትከሻዋ ላይ አስመልሷል፣ ሌላዋ ጡት ፍለጋ ትጮሃለች።

ሃምሳ ሁለት ሰከንድ ቆጠርኩ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ እኔም ትንፋሼን ያዝኩ። ሃያ ሁለት ላይ ለቀቅኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

እናትህን አሰብኳት። ያቺ ሴት ከልጇ ቤት ስትመለስ ምን ብላ ገባች? ለማንም ያልተናገረችው ስንት ነገር ነበር? እሷም እንደኔ ክርን ነበራት እኮ። ብትኖር ሄጄ እግሯ ሥር እቀመጥ ነበር።

ስለ ደበቅከኝ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ግን የመጨረሻህ ይሁን። አሁን እውነቱን ብቻ ጻፍልኝ፦ ልምጣ ወይስ አልምጣ? ለልጃችን ብለህ አትዋሽ፣ ለኔም ብለህ አትዋሽ። ነይ ካልከኝ በዚያው ቀን አውቶቡስ ላይ ነኝ። ደግሞ መሣሪያው ምን ይመስላል? ያማል?


ኅዳር 28

አለቃዬ፣

አትምጪ። ጀግና ለመሆን ብዬ አይደለም፤ አሥር ቀን ሙሉ ሳልመልስልሽ የቆየሁት እውነቱን እስካውቀው ነው። አሁን አወቅኩት።

አያምም። የጫማ ካርቶን የምታህል ሳጥን ናት፣ ከሷ ቱቦ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ አፍንጫና አፍ የሚሸፍን ጭምብል አለ። አየር በቀስታ እየገፋች ጉሮሮ እንዳይገጥም ታደርጋለች፣ ሥራዋ ይሄው ነው። የመጀመሪያው ሌሊት ከሚሮጥ አውቶቡስ መስኮት አንገቴን ያወጣሁ መሰለኝ። ሁለተኛው ሌሊት ነቅዬ ጣልኳት። በሦስተኛው ደግሞ በጎን በኩል ማፏጨት ጀመረች፤ ዓይኔ ውስጥ ነፋስ ይገባል። ራዲዮ ሶፋው ላይ ሆኖ "ኳሱ አለቀ እንዴ?" አለኝ።

ይዣት ሄድኩ። ሐኪሟ ጭምብሉን ገጠመችልኝ፣ ማሰሪያውን አስተካከለች፣ ከዚያ ጺሜን አየች። አየሩ በጺሜ መሀል ነው የሚያመልጠው። አፍንጫ ላይ ብቻ የሚሆን አለ፤ ሞከርነው፣ እኔ ግን አፌን እየከፈትኩ በዚያ በኩል ወጣ። እንግዲህ የቀረው ጺሙን መላጨት ነው አለች። ሠላሳ ሁለት ዓመት ያበጠርኩት ጺም! ሰው በሱ እኮ ነው የፀጉር ቤቱን መንገድ የሚጠቁመው፣ "ባለ ጺሙ ጋ" እየተባለ።

ከራዲዮ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ምላጩን ከመሳቢያ አወጣ። ሳሙናውን ቀባኝ። ሲጨርስ መስታወቱን አየሁና አባቴን አየሁት። አገጩ፣ ከንፈሩ፣ ሁሉ ነገሩ። ራዲዮ ፎጣውን ሰጥቶኝ ወደ በሩ ሄደ፣ ደንበኛ የመጣ አስመስሎ።

በዚያ ሌሊት አራት ሰዓት ሙሉ ተኛሁ። ሐኪሟ ውኃ የሚያሞቅ ክፍል ጨመረችላት፣ የአፌ መድረቅ ቀረ። ቀን ቁጭ ብዬ እያነበብኩ ጭምብሉን አጥልቄ ተለማመድኩ፣ የታፈንኩ መስሎ የሚሰማኝም ቀረ። ከትናንት በስቲያ ስድስት ሰዓት ተኩል። ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የሆነ ነገር የጎደለ መሰለኝ። ራስ ምታቱ ነበር።

ደግሞ ሕልም አየሁ! ለስንት ዓመት ሕልም አይቼ እንደማላውቅ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። አንቺ መጋረጃ አቆሸሽክ ብለሽ ትቆጪኛለሽ። ደስ ሲል።


ታኅሣሥ 3

ለማላውቀው ሰውዬ፣

ባለ ጺም አግብቼ ነበር፤ ቤቴ ውስጥ ገብቶ አልጋዬ ላይ የሚተኛው ይሄ ጺም አልባ ማነው? ጎረቤት ምን ይለኛል? ፎቶ ላክ አልልህም፣ በዓይኔ ነው የማየው። ነርሷ እንኳ ጺሙን መላጨቱን ስነግራት "አሁን ይድናል" አለች። ብዙው ሰው መሣሪያውን በሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ላይ ይሰቅለዋል አለችኝ። አንተ እንዳትሰቅለው። አንድ ሌሊትም፣ "ዛሬማ ደህና ነኝ" ብለህም።

ልጃችን ጠንክራለች፤ አማችህ ከመስክ ተመልሶ ልጅ ማጠብ ተምሯል፣ አንዱን ሲያጥብ ግን ራሱም ታጥቦ ይወጣል። ወንዱ እህቱን በክብደት በለጣት። ታኅሣሥ 12 ማታ እደርሳለሁ። መናኸሪያ አትምጣ፣ ሥራህን ሥራ። ስለ ምላጩ ደግሞ እኔ አልፈቅድም አልከለክልም፤ ሐኪሟ ትወስን።


ታኅሣሥ 8

አለቃዬ፣

ላዘዝሽኝ ሁሉ መልሱ አዎ ነው። በየሌሊቱ። ሳልዘል።

ሐኪሟ ከመሣሪያዋ ላይ ቁጥሩን አወጣችው፤ መሣሪያዋ ለካ ትጽፋለች፣ እንዳንቺ ናት። ከአርባ ሰባት ወደ ሦስት ወርዷል። ደም ግፊቴም ዝቅ ብሏል፣ ገና ይቀረዋል። ያንን ቅጽ እንደገና አስሞላችኝ። ከታች በእጄ የጨመርኩትን ጥያቄ አልረሳችውም፤ ራሷ ጽፋዋለች። "ምላጩን አሁን ያዝ" አለችኝ፤ "ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ ያለህ ቀን ግን አስቀምጥና ና።"

ሐሙስ ዳኛው መጡ። ሻርፑን ፈተው መስቀያው ላይ አንጠለጠሉት። ጠባሳው ቀጭን መስመር ሆኗል። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ምላጩን መልሼ መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት። ራዲዮ መቀሱን አስቀመጠ። ሁለት ደንበኞች ጋዜጣ አነሱ፣ አንደኛው ገልብጦ ይዞታል። "ካልፈለጉ ራዲዮ ይላጭዎት" አልኳቸው። "እሱ ያናግረኛል፤ ላንተ ነው የመጣሁት" አሉኝና አገጫቸውን ወደ ላይ አቀኑ።

ሳሙናውን ቀባሁ፣ ምላጩን ሳልኩ፣ ጀመርኩ። እያንዳንዷን ፀጉር አየኋት። አለቃዬ፣ ስንት ዓመት በጭጋግ ውስጥ ስሠራ እንደኖርኩ! ጉንጫቸውን ጨርሼ አንገታቸው ላይ ስደርስ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ዳኛው አንኮራፉ። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ እያለ፣ እኚያ የቆረጥኳቸው ሰውዬ፣ ጭልጥ ብለው ተኙ!

ጨርሼ ፊታቸውን በሞቀ ፎጣ ሸፈንኩላቸውና ተጠግቼ አዳመጥኩ። ትንፋሻቸው አንዴም አልቆመም። ቆጠርኩላቸው።


ታኅሣሥ 13፣ ጠረጴዛው ላይ

የኔ ፍቅር፣

ሻይህ ፔርሙዙ ውስጥ ነው። ዳቦው ጨርቁ ሥር ነው።

የተኛሁ መስሎህ ቀስ ብለህ ልትነሳ ነው፣ አውቅሃለሁ። አልተኛሁም። ሌሊቱን ሙሉ ዓይኔ ፈጥጦ አደረ። መብራቱን አጥፍተህ ያቺን ጭምብል ስታጠልቅ ሳቄ መጣ። ከዚያ ጸጥ አልክ፤ ጸጥታው አስደነገጠኝ። ደረትህ ላይ እጄን አደረግኩ፤ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ትንሽ ቆይቼ ደግሜ አደረግኩ። ደግሞ ሦስተኛ። አንዴም አልነቃህም፤ አልጎሸምኩህም፣ መጎሸም አላስፈለገም። ሊነጋ ሲል ለእናትህ አለቀስኩላት፣ ከዚያ ለኔም ትንሽ።

አሁን ልተኛ ነው። እንደ ሰው፣ ጆሮዬን ጥዬ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተኛሁትን። ወደ ሥራህ ሂድ። ማንም መጥቶ ቢጠይቅ የለችም በል።

አትቀስቅሰኝ። በሩን ቀስ ብለህ ዝጋ።